በትንሽ መኪና ውስጥ አነስተኛ ሳብዉፈር ስለመግጠም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አሽከርካሪዎች

ይህ ጽሑፍ በደሴና በኮምቦልቻ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ስዊፍት እና እነዚህን የመሰሉ ትንንሽ መኪኖችን ለሚያሽከረክሩ፣ እንዲሁም አልፎ አልፎ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ይዘው ለሚመጡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ትኩረቱ ከወንበር ሥር ወይም ከወንበር ኋላ በሚገባ፣ አምፕሊፋየሩ (ድምፅ ማጉያው) አብሮት በተሠራ ሳብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ በሚያወጣ ስፒከር ላይ ነው፤ የኋላውን የዕቃ ቦታ ሞልቶ ስለሚይዘው ትልቅ ሳጥን ሌላ ሰው ይጻፍበት።

የበሮቹ ስፒከሮች እየሠሩ ሳለ ሳብዉፈር ለምን ያስፈልጋል?

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ (በሴኮንድ የሚርገበገብበት ቁጥር) ያለውን ድምፅ ይሰማል። ከዚህ ውስጥ ከ80 ሄርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋትን ይጠይቃል፤ የትንሽ መኪና በር ላይ የሚገጠመው ስፒከር ግን ስፋቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከመሆኑም በላይ የሚቀመጠው በስስ ላሜራና በፕላስቲክ መካከል፣ በየቦታው ቀዳዳ ባለው በር ውስጥ ነው። ድምፁ ከፍ ሲደረግ ስፒከሩ የማይችለውን ለመሥራት ይታገላል፤ የዘፋኙም ድምፅ አብሮ ይሻክራል። ስለዚህ ሳብዉፈር ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) ይጨምራል፣ የበሮቹንም ስፒከሮች ከማይችሉት ሸክም ያሳርፋል። በእኔ እምነት የሚበልጠው ሁለተኛው ነው።

ሆኖም የሚሰሙት ነገር ዓይነት ወሳኝ ነው። የቤዝ ጊታር፣ የከበሮና በመንዙማ ላይ የሚመታው የድቤ ድምፅ ወደ ሳብዉፈሩ ክልል ስለሚወርድ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የክራርና የማሲንቆ ድምፅ ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው፤ ትዝታና አምባሰልን በክራር ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው እየሰሙ ከቦርከና ዳር እስከ ጦሳ ግርጌ የሚመላለሱ ሰው ገንዘባቸውን በተሻሉ የበር ስፒከሮች ላይ ቢያውሉት የበለጠ ይጠቀማሉ።

ያን ያህል ትንሽ ሳብዉፈር በቂ ድምፅ ይሰጣል?

ይሰጣል፤ ምክንያቱም መኪናው ራሱ ያግዘዋል። የ50 ሄርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 7 ሜትር ያህል ሲሆን ይህ ከአንድ ቪትዝ ጠቅላላ ርዝመት በእጅጉ ይበልጣል። ሞገዱ ሊዘረጋበት በማይችል ጠባብና ዝግ ክፍል ውስጥ ሳብዉፈሩ የክፍሉን አየር በሙሉ በአንድነት ይጨምቃል፣ መልሶም ይለቃል፤ ክፍሉ በጠበበና ድምፁ በወፈረ መጠን ይህ እገዛ ይጨምራል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ሳብዉፈር በሚኒባስ ውስጥ ደክሞ፣ በቪትዝ ውስጥ ግን ሞልቶ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው መስኮት ሲከፈት እገዛው ይቀንሳል፤ እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያለ ጣሪያው የሚታጠፍ ስፖርት መኪናም ጣሪያው ሲወርድ አብዛኛውን ያጣዋል። ኮምቦልቻ ላይ በሙቀቱ መስኮት ከፍተው የሚነዱና ደሴ ላይ በብርዱ ዘግተው የሚነዱ ሰዎች ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ የተለያየ አስተያየት ቢሰጡ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

በካርቶኑ ላይ 1000 ዋት ተብሎ የተጻፈውን ማመን ይቻላል?

ካርቶኑን ትተው ፊውዙን ይመልከቱ። የኤሌክትሪክ ኃይል የቮልትና የአምፔር ብዜት ነው። ሞተር ተነሥቶ ሳለ መኪናው የሚሰጠው 14 ቮልት ገደማ ስለሆነ፣ 15 አምፔር ፊውዝ የተገጠመለት ዕቃ ሳያቋርጥ ሊወስድ የሚችለው 210 ዋት ያህል ነው። ከዚህም ላይ የተወሰነው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ክላስ ዲ የሚባለው የአምፕሊፋየር ዓይነት ከሚወስደው ኃይል 80 በመቶ ያህሉን ወደ ስፒከሩ ሲያደርስ፣ ክላስ ኤቢ የሚባለው ከዚያ በግልጽ ያነሰ ያደርሳል። እንግዲህ ባለ 15 አምፔሩ ዕቃ ቢበዛ 170 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ 1000 የተባለው ከየትም አይመጣም።

የሚቆጠረው በመመሪያው ላይ አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል) ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ለቪትዝ መጠን ከ75 እስከ 150 ያለው ይበቃል። ፓዮኒር፣ ኬንዉድና ጄቢኤል በዚህ ዓይነት ዕቃ የታወቁ ስሞች ሲሆኑ፣ ስማቸው ያለአግባብ የተለጠፈበት ዕቃ እንዳያጋጥምዎ ቢያንስ የፊውዙን ቁጥር ከመመሪያው ጋር ያስተያዩ። ዕቃው ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ይምጣ ከደሴ ሱቅ፣ ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ ለማሳየት ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ መጠየቅ ይሻላል።

በመኪናው ውስጥ የት ይቀመጥ?

ጆሮ ወፍራም ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ በቀላሉ ስለማይለይ ቦታ ለመምረጥ ሰፊ ነፃነት አለ። የተለመደው ከፊት ተሳፋሪ ወንበር ሥር ነው። ጠፍጣፎቹ ሳብዉፈሮች ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አላቸው፤ ነገር ግን የወንበሩ ሥር በመሐል ሰፊ ሆኖ በሐዲዱና በሽቦዎቹ በኩል ሊጠብ ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የዕቃውን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ከመመሪያው ወስደው በዚያው ልክ ካርቶን ቆርጠው ሳጥን ይሥሩ፤ ከወንበሩ ሥር አስገብተውም ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊትና ወደኋላ ይግፉት፣ ከባድ ሰውም ያስቀምጡበት። ካርቶኑ ከተጨማደደ ዕቃውም አይገባም ማለት ነው። ይህ ሥራ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን የመመለስ ልማድ በሌለበት ገበያ ትልቅ ጸጸት ያድናል።

ከወንበሩ ሥር የሚያዩት ቢጫ የሽቦ ማያያዣ የኤርባግ ነው። እሱን መጎተት ወይም መንቀል ካስፈለገ አስቀድሞ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትቶ ቢያንስ 90 ሴኮንድ መጠበቅ ይገባል። በአንዳንድ መኪኖች ለኋላ ተሳፋሪ ሙቅ አየር የሚያደርስ ቱቦም በዚያ ስለሚያልፍ፣ በደሴ ብርድ ይህን ቱቦ መድፈን የኋላ ተቀማጮችን ማስቀየም ነው። በክረምት ከጫማ የሚንጠባጠብ ጭቃና ውኃ ወደ ወንበሩ ሥር ስለሚፈስ ዕቃው ከምንጣፉ በላይ ጥቂት ከፍ ብሎ በጎማ ላይ ቢያርፍ ይመረጣል።

በአሽከርካሪው ወንበር ሥር ማስቀመጥን አልደግፍም። የግድ ከሆነ ግን በብሎንና በብረት መያዣ ከወለሉ ጋር መታሰር አለበት፤ በማጣበቂያ ጨርቅ ብቻ የተያዘ 5 ኪሎ ዕቃ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ሲወርዱ በድንገት ፍሬን ቢያዝ ተንሸራቶ ከፔዳሉ ሥር ሊገባ ይችላል። ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ውስጥ ከወንበር ሥር ቦታ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ ከወንበሮቹ ኋላ ያለው ጠባብ ክፍተት ወይም የተሳፋሪው እግር ማስቀመጫ ጫፍ ይመረጣል፤ የኋለኛው ሲመረጥ እግር እንዳይረግጠው ጠንካራ ክዳን ያስፈልገዋል።

ሐረጎን ስወጣ ክብደቱና የሚወስደው ኃይል አያስቸግርም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ሲሆን፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በደሴ ከፍታ በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ኃይል ሩብ ያህሉን ያጣል። ቢሆንም አነስተኛ ሳብዉፈር ክብደቱ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ነው፤ በሙሉ ድምፅ ሲሠራ እንኳ በዲናሞው በኩል ከሞተሩ የሚወስደው ከግማሽ የፈረስ ጉልበት አይበልጥም። ከዚህ ይልቅ የአየር ማቀዝቀዣው ይከብዳል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለትልቅ ሳጥን ቦታ ለማግኘት ሲሉ ስኮርታውን ከመኪናው አውጥተው ቤት የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ በዚህ መንገድ ላይ ያለ ስኮርታ መሄድ ለምንም ሙዚቃ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

የኤሌክትሪክ መስመሩ እንዴት መዘርጋት አለበት?

የሥራው ሁሉ መሠረት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። የሳብዉፈሩ ዋና ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ መነሣት አለበት፤ ከሲጋራ ማቀጣጠያው ወይም ከቴፑ ሽቦ መቀጠል ቀላል ቢመስልም እነዚያ መስመሮች የተሠሩት ለሌላ ጭነት ነው። ለ150 ዋት ዕቃ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ብዙ ክር የመዳብ ሽቦ በቂ ነው። ለቤት መስመር የሚሸጠው ወፍራም አንድ ክር ያለው ሽቦ በመኪና ንዝረት ስለሚሰበር አይሆንም። በገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየምም ይሸጣል፤ ጫፉን በቢላ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነውና ይለፉት፣ ወይም ሌላ ካልተገኘ አንድ ደረጃ ወፍራሙን ይውሰዱ።

ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ ይገጠም። ሳብዉፈሩ የራሱ ፊውዝ እያለው ሌላ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የባትሪው ፊውዝ የሚጠብቀው ሳብዉፈሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ከሞተር ክፍሉ ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ላሜራው ቀስ በቀስ ልባሱን ቆርጦ ከሻንሲው ጋር ቢያገናኘው ትንሽ የመኪና ባትሪ እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፤ ፊውዝ ከሌለ ሽቦው ራሱ ግሎ ምንጣፉን ያቃጥላል። በዚህም ምክንያት የሚያልፍበት ቀዳዳ ጎሚኒ (የጎማ መከላከያ ቀለበት) ሊኖረው የግድ ነው። መኪናው ራሱ ያለውን ጎሚኒ በስተው ካሳለፉት አዲስ ቀዳዳ መብሳት አያስፈልግም።

ነጌቲቩ ሽቦ አጭር፣ ከፖዘቲቩ ጋር እኩል ውፍረት ያለው ይሁን፤ የሚታሰርበት የሻንሲ ቦታም በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙ ተፍቆ የብረቱ ነጭ ይታይ፤ በብሎንና በሮንዴላ ከጠበቀ በኋላ እንዳይዝግ ጥቂት ግሪስ ወይም ቀለም ይቀባ። የመቀመጫ ቀበቶ ብሎን ለዚህ ሥራ አይነካም። የድምፅ ምልክት የሚያመጣው ገመድ ዋናው ሽቦ በሚያልፍበት ጎን ሳይሆን በሌላኛው የመኪናው ጎን ይሂድ። ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የሚፈታው፣ ሲያልቅ መጨረሻ የሚታሰረው የባትሪው ነጌቲቭ ነው።

ቴፑ ከጃፓን ከመኪናው ጋር የመጣ ነው፤ የሳብዉፈር መውጫ የለውም። ይቀየር?

የግድ አይደለም። አብዛኞቹ አነስተኛ ሳብዉፈሮች ምልክቱን ከስፒከር ሽቦ የሚቀበል መግቢያ ስላላቸው ከኋላ ስፒከሮች ሽቦ ላይ መቀጠል ይቻላል፤ አንዳንዶቹም ድምፅ መምጣቱን አውቀው ራሳቸው ይበራሉ። ሆኖም ቴፑን ለመቀየር ሌላ ጥሩ ምክንያት አለ። የጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ሄርዝ ተወስኖ ስለነበር፣ ከዚያ የመጣ ቴፕ ከ90 በላይ ያሉትን የእኛን ጣቢያዎች ያለ ተጨማሪ ዕቃ አይዝም።

አዲስ ቴፕ ከተገጠመ የሽቦዎቹ ቀለም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ቢጫው ቋሚ ኤሌክትሪክ፣ ቀዩ በቁልፍ የሚመጣው፣ ጥቁሩ ነጌቲቭ፣ ነጭ መስመር ያለበት ሰማያዊ ደግሞ ሳብዉፈሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ነው። ይህ ልማድ እንጂ ሕግ ስላልሆነ በመለኪያ ሳይረጋገጥ አይገናኝ።

ባትሪዬን ይጨርሰው ይሆን?

በትክክል ከተገናኘ ሞተር በሚሠራበት ጊዜ ምንም አያደርገውም። ችግሩ የሚመጣው ሰማያዊው ሽቦ በቢጫው ላይ ሲገናኝ ነው፤ ያኔ ሳብዉፈሩ ድምፅ ባያወጣም ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል። ያለማቋረጥ ግማሽ አምፔር ብቻ ቢወስድ እንኳ በ24 ሰዓት 12 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ ይህም 35 አምፔር-ሰዓት ከሚይዝ የቪትዝ ባትሪ ሲሶው ነው። ብርድ የባትሪን ጉልበት ስለሚቀንስ በደሴ የጥቅምትና የኅዳር ማለዳ ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም የሚለው እንዲህ ካለ ሌሊት በኋላ ነው። መኪናውን ቆልፈው ከወረዱ በኋላ የሳብዉፈሩ መብራት መጥፋቱን በመስኮት ማየት ይበቃል።

ጌይን፣ ሎው ፓስና ፌዝ የሚባሉት ማስተካከያዎች እንዴት ይደረጋሉ?

ጌይን ድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ሳብዉፈሩን ከቴፑ ጋር ማመጣጠኛ ነው። እስከ መጨረሻው ከተዞረ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፣ ስፒከሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ይግላል፣ የመቃጠል ሽታም ይከተላል። ብዙ ዕቃዎች የሚበላሹት በእርጅና ሳይሆን በዚህች ቁልፍ ነው።

መጀመሪያ በቴፑ ላይ ያለውን የቤዝ ማጉያ ሁሉ ያጥፉ፣ ጌይኑን ወደ ዝቅተኛው ያውርዱ፣ ሎው ፓሱን (ከተመረጠው ሄርዝ በላይ ያለው ድምፅ ወደ ሳብዉፈሩ እንዳይሄድ የሚያግደውን) በ80 ሄርዝ ላይ፣ ፌዙን (የሳብዉፈሩን ሞገድ ከበሮቹ ስፒከሮች ጋር የሚያገጣጥመውን) በዜሮ ላይ ያድርጉ። በደንብ የሚያውቁትን፣ የቤዝ ጊታሩ በግልጽ የሚሰማበትን ዘፈን ከፍተው የቴፑን ድምፅ እስከ ሦስት አራተኛው ከፍ ያድርጉ፤ የበሮቹ ስፒከሮች መሻከር ከጀመሩ ጥቂት ይመልሱ። ከዚያ ጌይኑን ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ትክክለኛው ቦታ የቤዙ ድምፅ ከወንበሩ ሥር ሳይሆን ከዘፋኙ ጋር ከክሩስኮቱ በኩል የሚመጣ በሚመስልበት ጊዜ ነው። ከወንበሩ ሥር መምጣቱ ከተለየዎ ወይ ጌይኑ በዝቷል ወይ ሎው ፓሱ ከፍ ብሏል፤ ወደ 70 ሄርዝ ዝቅ አድርገው ይሞክሩ። ፌዙን በአሽከርካሪው ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዴ በዜሮ፣ አንዴ በ180 ያዳምጡ፤ ቤዙ ሞልቶ በሚሰማበት ላይ ይተዉት። ቴፑ የበሮቹን ስፒከሮች ከ80 ሄርዝ በታች እንዳይሠሩ የሚያደርግ ማስተካከያ ካለው እሱንም ያብሩት፤ የዚህ ሁሉ ወጪ ዋና ዓላማ ይህ ነው።

ከተገጠመ በኋላ መኪናው መንጫጫት ጀመረ። ሳብዉፈሩ ተበላሽቶ ነው?

በአብዛኛው አይደለም። ከስልክ የ40 ወይም የ50 ሄርዝ ድምፅ ከፍተው በመኪናው ዙሪያ በእጅ እየተጫኑ ይፈልጉ፤ እጅዎ ሲያርፍበት ጸጥ የሚለው ነገር ጥፋተኛው ነው። ታርጋው፣ የኋላ መደርደሪያው፣ የበሩ ፕላስቲክ፣ በክሩስኮቱ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ቁልፍና ሳንቲም በተደጋጋሚ የሚገኙ ናቸው። ከታርጋው ኋላ ስስ ስፖንጅ መለጠፍ ብዙ ጊዜ ግማሹን ጫጫታ ያጠፋል።

ነዳጅ ስረግጥ የሚጨምር ፉጨትስ?

የዲናሞው ድምፅ ነው፤ መጀመሪያ የነጌቲቩን መታሰሪያ ያጽዱና ያጥብቁ። ካልጠፋ የምልክቱን ገመድ ከሳብዉፈሩ ይንቀሉ፤ ሲነቀል ዝም ካለ ችግሩ በገመዱ ወይም በቴፑ በኩል፣ ካልጠፋ ግን በኃይል ሽቦው በኩል ነው።

በሃይብሪድ ወይም በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይገጠማል?

ይገጠማል፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ መጥቷል። እነዚህም መኪኖች ለመብራትና ለቴፕ የሚያገለግል የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ሳብዉፈሩ የሚገናኘው ከእሱ ብቻ ነው። በአንዳንድ ሃይብሪዶች ይህ ባትሪ ከኋላ ወንበር አካባቢ ስለሚቀመጥ ሽቦው አጭር ይሆናል። ብርቱካናማ ልባስ ያለው ሽቦ ግን ገዳይ ቮልቴጅ ይሸከማል፤ የድምፅ ዕቃ የሚገጥም ሰው በምንም ምክንያት ሊነካው አይገባም። መኪናው ዋስትና ላይ ከሆነ አስቀድመው የሸጠልዎትን ድርጅት ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

በከተማ ውስጥ ድምፁን በተመለከተ ሕግ አለ?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ጣሪያም በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ወፍራም ድምፅ ግድግዳን ከሌላው ድምፅ ይልቅ በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ በደሴ ዳገት ላይ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ በተሠራበት ሰፈር ማታ ሲገቡ የሳብዉፈሩን ደረጃ ብቻ ዝቅ ማድረግ ጎረቤትን ያሳርፋል።

መኪናውን ስሸጥ ማውጣት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ቀላል የሚሆነው ግን ከመጀመሪያው የመኪናው ሽቦ ሳይቆረጥ በማያያዣ ከተገናኘ ነው። ስለዚህ ለኤሌክትሪሺያኑ ሥራ ሳይጀምር ይንገሩት፤ ማያያዣው የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው። ሲያወጡ ከባትሪው ነጌቲቭ ቀጥሎ ዋናውን ሽቦ በባትሪው በኩል ይፍቱ፤ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሎ ከምንጣፉ ሥር መተው፣ ሌላው ጫፍ ከባትሪው ጋር እንደተያያዘ፣ ለገዢው አደጋ አሳልፎ መስጠት ነው። ወለሉ ላይ የቀሩትን የብሎን ቀዳዳዎች ቀለም ቀብተው በጎሚኒ ይድፈኑ፤ ካልሆነ በሚቀጥለው ክረምት ውኃ በዚያ ይገባል።